አገረ ገዥው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አይደለም

ኖቬምበር 2 ቀን 2021 ቨርጂኒያ ውስጥ የአገረ ገዥ ምርጫ ተካሄደ። በዚያ ሰሞን በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተንና በፌርፋክስ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ቅስቀሳው ጦፎ ነበር። የባይደን አስተዳደር በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ላይ በያዘው አቋም የተቆጡ ማኅበራትና አስተባባሪዎች “ዴሞክራቶችን በካርድ እንቅጣ፣ ድምፃችንን ለሪፐብሊካኑ ለግሌን ያንግኪን እንስጥ” አሉ። ያንግኪን ቴሪ ማክኦሊፍን ወደ 63 ሺህ በሚሆን ድምፅ በልጠው አሸነፉ። 3.3 ሚሊዮን ገደማ ሰው ድምፅ በሰጠበት ምርጫ ልዩነቱ ሁለት በመቶ ያህል ነው። ድሉን በከፊል የራሳቸው አድርገው የቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አልነበሩም።

በዚያው ዕለት ግን ዋሽንግተን ላይ ሌላ ነገር ሆነ። ፕሬዚዳንት ባይደን ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተጠቃሚነት እንድትወጣ መወሰናቸውን ለኮንግረስ አሳወቁ። ውሳኔው ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ሥራ ላይ ዋለ። ያንግኪን ቃለ መሐላ የፈጸሙት ደግሞ ጃንዋሪ 15 ነው። ቢሯቸው ከመግባታቸው በፊት ነገሩ አልቆ ነበር። ቀድመው ቢገቡም የሚለውጡት ነገር አልነበረም። የቨርጂኒያ አገረ ገዥ ማዕቀብ አይጥልም፣ አያነሳም፣ አምባሳደር አይሾምም፣ በንግድ ስምምነት ላይ አይፈርምም።

ለዚያ ቅስቀሳ የሚቀርብ ጠንካራ መከራከሪያ አለ፤ እሱን መዝለል ፍትሐዊ አይሆንም። ድምፅ መልእክት ነው፤ አንድ ፓርቲ የሚታመንበትን መራጭ ሲያጣ ለምን ብሎ ይጠይቃል፣ አነስተኛ ማኅበረሰብም የሚሰማው በዚህ መንገድ ነው ይባላል። ሐሳቡ ስህተት አይደለም። ችግሩ መልእክቱን ማን አነበበው የሚለው ላይ ነው። ከምርጫው ማግስት የአሜሪካ ሚዲያ ውጤቱን የተነተነው በትምህርት ቤትና በወላጆች ጉዳይ፣ በኑሮ ውድነትና በወረርሽኙ ነበር። ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ የለም። ስለ አዲስ አበባ ተብሎ የተሰጠ ካርድ ሪችመንድ ሲደርስ የሚነበበው እንደማንኛውም ካርድ ነው።

ሌላም ነገር አለ። “የኢትዮጵያውያን ድምፅ” ተብሎ የሚጠራው ነገር ያን ጊዜም አንድ አልነበረም፣ ዛሬም አይደለም። በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ፣ ልጆቻቸውን አንድ ትምህርት ቤት የሚልኩ ሁለት ቤተሰቦች በዚያ ጦርነት ሁለት ተቃራኒ ሐዘን ላይ ተቀምጠው ነበር። አንዱ ማዕቀቡ እንዲነሳ ሲሰለፍ ሌላው እንዲጠብቅ ተሰልፏል። የካውንቲና የስቴት ምርጫ በአገር ቤት ፖለቲካ ሲመዘን፣ ኪራይና ትምህርት ቤት ያገናኛቸው ጎረቤታሞች ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል። ሁለቱም ከሚፈልጉት አንዱንም ሳያገኙ ይቀራሉ።

እነዚህ ሹማምንት በእጃቸው ያለው ምንድን ነው? ያንግኪን በ2024ም በ2025ም የቨርጂኒያን ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ደረጃ በደረጃ ወደ 15 ዶላር የሚያደርስ ሕግ ከምክር ቤቱ ሲቀርብላቸው ውድቅ አድርገዋል። አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ይታሰብ። ባለቤቱ በዚህ ውሳኔ እፎይ ሊል ይችላል፤ ኩሽና ውስጥ ሳህን የሚያጥበው ግን አይለውም። ሁለቱም ለየራሳቸው በቂ ምክንያት አላቸው። አንዱ ለሪፐብሊካን፣ ሌላው ለዴሞክራት ቢሰጥ የሚያስወቅሰው የለም። ሁለቱም አገረ ገዥው ሊያደርግ በሚችለው ነገር መዝነውታልና።

ኪራይም እንደዚሁ ነው። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትገኝበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ የካውንቲው ምክር ቤት በ2023 የኪራይ ጭማሪ ገደብ አወጣ። ሕጉ በሚመለከታቸው ቤቶች ላይ ዓመታዊው ጭማሪ ከ6 በመቶ ወይም ከዋጋ ግሽበት ሲደመር 3 በመቶ፣ ከሁለቱ ካነሰው እንዳይበልጥ ይላል። አሌክሳንድሪያ ያለ ተከራይ ይህን ሰምቶ የከተማውን ምክር ቤት ቢጠይቅ መልስ አያገኝም። ቨርጂኒያ “የዲሎን ሕግ” በሚባለው ሥርዓት ስለምትተዳደር ከተማና ካውንቲ ስቴቱ በግልጽ ካልፈቀደላቸው በቀር እንዲህ ያለ ሕግ ማውጣት አይችሉም። ለከተማ ምክር ቤት ተወዳድሮ “ኪራይ አስቆማለሁ” የሚል ዕጩ ላም አለኝ በሰማይ እያለ ነው። ያ ጥያቄ መቅረብ ያለበት ሪችመንድ ለሚሄዱት፣ ለ100ው የታችኛው ምክር ቤት ተወካዮችና ለ40ው ሴናተሮች ነው።

ከሁሉም ተዘንግቶ የሚቀረው የወረቀቱ ግርጌ ነው። በ2023 የሞንትጎመሪ የትምህርት ቦርድ፣ ወላጆች የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ከመሳሰሉ ጉዳዮች ጋር የተያያዙ የተረት መጻሕፍት በሚነበቡበት ሰዓት ልጆቻቸውን ከክፍል የሚያስወጡበትን ፈቃድ አነሳ። ሙስሊምና ኦርቶዶክስ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ከሌሎች ጋር ሮክቪል ላይ ሰልፍ ወጡ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጁን 2025 በ6 ለ3 ድምፅ ለከሳሾቹ ወላጆች ተፈረደ። በውሳኔው የተደሰተም ያዘነም አለ። የቦርዱ አባላት ግን በሕዝብ የሚመረጡ ናቸው። የሚወዳደሩት ያለ ፓርቲ ስም ስለሆነ የፓርቲ ምልክት እያየ ቀለም የሚያጠቁር መራጭ እነሱ ጋ ሲደርስ ግራ ይጋባል፣ ያልፋቸዋል። የቦርዱን መመሪያ የሚደግፍም የሚቃወምም ወላጅ፣ ሰልፍ ከመውጣቱና ጠበቃ ከመፈለጉ በፊት አንድ ገጽ አንብቦ ሐሳቡን መግለጽ የሚችልበት ቦታ እዚያ ግርጌ ነበር።

“የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል?” ለሚል ደግሞ ቁጥሩ ይናገራል። በ2018 የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሥራ አስፈጻሚ የዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ማርክ ኤልሪች ዴቪድ ብሌርን ያሸነፉት በ77 ድምፅ ነው። በ2022 ሁለቱ እንደገና ተገናኙ፤ ድምፁ ዳግመኛ ተቆጥሮ ልዩነቱ 32 ሆነ። ሠላሳ ሁለት ሰው ማለት አንድ መካከለኛ ማኅበር ወይም አንድ ዕቁብ ነው። ቨርጂኒያም በ2017 ለኒውፖርት ኒውስ አካባቢ የምክር ቤት ወንበር ሁለት ዕጩዎች እኩል 11,608 ድምፅ አግኝተው አሸናፊው የተለየው ከሳህን ውስጥ በወጣ ዕጣ ነው። የምክር ቤቱ አብላጫ ለማን እንደሚሆን የተወሰነውም በዚያ ዕጣ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ልዩነት አለ። ሜሪላንድ ውስጥ በፓርቲ ቅድመ ምርጫ የሚሳተፈው በፓርቲው አባልነት የተመዘገበ መራጭ ብቻ ነው። “ከማንም አይደለሁም” ብሎ የተመዘገበ ሰው በዚያ 32 ድምፅ ውስጥ መግባት አይችልም ነበር። ዴሞክራቶች በሚያይሉበት ካውንቲ ደግሞ ዋናው ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው በቅድመ ምርጫው ነው። በቨርጂኒያ ግን በፓርቲ መመዝገብ የሚባል ነገር ስለሌለ መራጩ በአንድ ቀን ከሁለት አንዱን ቅድመ ምርጫ መርጦ ይገባል።

ዕጩዎች የምርጫ ሰሞን ወደ አዳራሹ ይመጣሉ። ነጠላ ይደርባሉ፣ ቡና ይቀምሳሉ፣ “አመሰግናለሁ” ይላሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ጨዋነታቸው አይጠላም፤ ሚዛን ግን አይሆንም። የሚመዝናቸው ጥያቄ ቀላል ነው። የሚወዳደሩበት ወንበር ምን ሥልጣን አለው? ቀድሞ ሥልጣን ላይ ከነበሩ በኪራይ፣ በሰዓት ክፍያ፣ በትምህርት ቤት በጀት ላይ ድምፃቸውን እንዴት ሰጡ? ገንዘቡን ከማን አገኙ? ይህ የመጨረሻው ቨርጂኒያ ውስጥ ይበልጥ ይከብዳል፤ እዚያ ለስቴት ዕጩ በሚሰጥ መዋጮ ላይ የገንዘብ ጣሪያ የለም። ለጋሾቹ ግን በይፋ የተመዘገቡ ስለሆነ ለፈለገ ሰው ይገኛሉ። አዳራሹን ያዘጋጀው የማኅበር መሪም ያው ጥያቄ ይመለከተዋል፤ በማኅበሩ ስም ድጋፍ ሲሰጥ አባላቱን ጠይቋል ወይ?

የአገር ቤት ጉዳይ ይቅር ማለት አይደለም። ለእሱም ቦታ አለው፤ የኮንግረስ አባል፣ ሴናተር፣ ፕሬዚዳንት። ማዕቀብና አጎዋ የሚነሱት እዚያ ነው፣ ቁጣውም እዚያ ቢሄድ አድራሻውን ያገኛል። ሞንትጎመሪ በ2026 የካውንቲውን ሥራ አስፈጻሚ፣ ምክር ቤቱንና የትምህርት ቦርዱን ይመርጣል። የናሙና ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ቀደም ብሎ ይወጣል። ቡና እየተፈላ ከላይ እስከ ግርጌ ቢነበብ፣ ከሦስተኛው በፊት ያልቃል።