ብረት ሳይቀልጥም ይረግባል

አንድ ብረት ምን ያህል ሙቀት ይችላል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከተማሪዎች ብዙዎቹ የሚቀልጥበትን ዲግሪ ከመጽሐፍ ፈልገው ይመልሳሉ። እኛ ግን ይህ መልስ አሳሳች ነው እንላለን። ብረት ጭነት ተሸክሞ በብርቱ ሙቀት ውስጥ ሲቆይ፣ ከመቅለጡ እጅግ አስቀድሞ ቀስ በቀስ ይለጠጣልና።

ለዚህ ምስክር የምናቀርበው፣ ኤል.ኢ.ዲ. ሳይተካው በፊት በየቤቱ ይበራ የነበረውን የአምፑል ሽቦ ነው። ሽቦው የሚሠራበት ተንግስተን የሚቀልጠው ከ3,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለ ሆነ፣ እንደ ሌላው ብረት አቅልጦ ማፍሰስ እጅግ ያስቸግራል። ስለዚህ አሜሪካዊው ዊልያም ኩሊጅ በ1910 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ዱቄቱን ጨምቆ፣ ሳይቀልጥ በሙቀት አጣብቆ፣ ቀጥቅጦና በጠባብ ቀዳዳ ስቦ ቀጭን ሽቦ አወጣለት።

ይሁን እንጂ ሽቦው 2,500 ዲግሪ ያህል ግሎ ሲበራ፣ የገዛ ክብደቱ ያረግበው ነበር። ምክንያቱ ከውስጡ ነው። ብረት ከጥቃቅን ቅንጣቶች የተገጣጠመ ሲሆን፣ በቀዝቃዛ ጊዜ የቅንጣቶቹ ድንበር ጥንካሬ ይጨምርለታል፤ ሲግል ግን ያው ድንበር መንሸራተቻ ይሆናል። በተንግስተኑም ቅንጣቶቹ በሙቀት አድገው ሽቦውን እንደ ሸምበቆ አንጓ ከዳር እስከ ዳር ያቋርጡታል፤ በአንጓውም ላይ እየተንሸራተተ ይቀጥንና ይበጠሳል።

መፍትሔው ሽቦውን ይበልጥ ማጥራት ይመስላል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ሆነ! አላዳር ፓትስ በዱቄቱ ላይ ጥቂት የፖታሲየምና የሲሊኮን ውሕድ ጨመረበት፤ ፓተንቱንም በ1922 (እ.ኤ.አ.) አገኘ። ፖታሲየም በተንግስተን ውስጥ ስለማይሟሟ፣ በሽቦው ርዝመት የተሰለፉ ዓይን የማያያቸው አረፋዎች ይሆናል፤ እነዚህም ቅንጣቶቹ ወደ ጎን እንዳያድጉ ይይዟቸዋል። ቅንጣቶቹም ረጃጅም ሆነው እንደ ተቆላለፉ ጣቶች ይያያዛሉ። ምሥጢሩ የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው።

እርግጥ አረፋ ሁሉ አይጠቅምም፤ ዱቄቱ በደንብ ሳይጣበቅ የቀረ ትልቅ ቀዳዳ የስብራት መነሻ ነው። ነገር ግን ነገ ዕቃ መርምረው የሚረከቡ ወጣት ሹማምንት፣ ጥራቱ በመቶ ስንት ነው፣ ቀዝቃዛው ብረት ስንት ኪሎ ይችላል ብለው ብቻ ቢያበቁ፣ የፓትስን ሽቦ ጥለው የሚረግበውን ይመርጡ ነበር። መጠየቅ የሚገባው፣ በስንት ዲግሪ፣ በምን ጭነት፣ ለስንት ሰዓት ቆይቶ ምን ያህል ተለጠጠ የሚለው ነው። ከኒኬል ዱቄት ከሚሠሩት የጄት ሞተር ዲስኮች አንዳንዶቹ፣ ቅዝቅዝ ባለው መካከላቸው ደቃቅ ቅንጣት፣ በሚግለው ጠርዛቸው ትልልቅ ቅንጣት እንዲኖራቸው ተደርገው ይዘጋጃሉ። ስለ እንዲህ ያለው ዲስክ ጥንካሬ አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ የሚመጣ ሻጭ ቢኖር፣ የመካከሉን ነው ወይስ የጠርዙን ብለን እንጠይቀው።