ቀለምና ፍርድ

የመሬትን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳይ ካርታ ከፍታችሁ የአፋርን ቆላ ተመልከቱ። በብዙ ካርታዎች ላይ አካባቢው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ታገኙታላችሁ። ጉዳዩን የማያውቅ ሰው ይህን አይቶ፣ «ይህስ ልምላሜ የሞላበት ምድር ነው» ብሎ ቢፈርድ አያስደንቅም። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ አረንጓዴው የሚያመለክተው የመሬቱን ዝቅተኛነት እንጂ ልምላሜውን አይደለም። እንዲህ ያለው ስሕተት በካርታ ንባብ ላይ ሲደርስ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ በካንሰር ምርመራ ላይ ሲደርስ ግን የሰውን ሕይወት ይነካል።

ነገሩን ለመረዳት ፔት የተባለውን የምርመራ መሣሪያ እንውሰድ። በዚህ ምርመራ በሽተኛው ጥቂት ጨረር የሚያመነጭ የስኳር ዓይነት በደም ሥሩ ይሰጠዋል። ብዙዎቹ የካንሰር ሕዋሳት ከጤነኞቹ ይልቅ ስኳርን አብዝተው ስለሚስቡ፣ መሣሪያው ከእያንዳንዱ የሰውነት ክፍል የሚወጣውን ጨረር ይለካል። እዚህ ላይ ልብ በሉ! የሚለካው መጠን እንጂ ቀለም አይደለም። ውጤቱ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ቀይ ወይም ቢጫ፣ ጥቁር ወይም ነጭ አድርጎ የሚያሳየው ሰው የመረጠው የቀለም ሚዛን ነው።

ታዲያ የትኛው ሚዛን ይሻላል? እንደ ቀስተ ደመና ከሰማያዊ ተነሥቶ በአረንጓዴና በቢጫ አልፎ ወደ ቀይ የሚደርሰው ሚዛን ለዐይን ያምራል። ይሁን እንጂ ሦስት ጉድለቶች አሉበት። አንደኛ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያበራው ቢጫ ከቀይ በታች ስለሚገኝ፣ ዐይን መካከለኛውን መጠን እንደ ከፍተኛ አድርጎ ሊቀበለው ይችላል። ሁለተኛ፣ አረንጓዴው ድንገት ወደ ቢጫ በሚለወጥበት ስፍራ ጥቂቱ የቁጥር ልዩነት ትልቅ ድንበር መስሎ ይታያል፤ በአረንጓዴው ውስጥ ያለው ሰፊ ልዩነት ደግሞ ይሰወራል። ሦስተኛ፣ ቀይንና አረንጓዴን አጥርተው የማይለዩ ሰዎች አሉ፤ ከሰሜን አውሮፓ ዘር ከሆኑ 100 ወንዶች መካከል 8 ያህሉ እንዲህ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ሐኪም ሊሆን ይችላል።

ይህ እንዲያው ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ሚሼል ቦርኪንና ባልደረቦቿ በሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ጥናት ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። ጥናቱ የተካሄደው በካንሰር ሳይሆን በልብ የደም ሥሮች ሥዕል ላይ ቢሆንም ትምህርቱ ለሁለቱም ያገለግላል። የሥዕሉን ሙሉ ቅርጽ በቀስተ ደመና ቀለም የተመለከቱት የሕክምና ተማሪዎች አደገኛ ከሆኑት ስፍራዎች ያገኙት 39 በመቶውን ብቻ ነበር፤ በጥንቃቄ በተመረጠ ሌላ ሚዛን የተመለከቱት ግን 71 በመቶውን አግኝተዋል።

ወደ ካንሰር እንመለስ። ሊምፎማ በተባለው የካንሰር ዓይነት የሕክምናውን ውጤት ለመመዘን ሐኪሞች 5 ደረጃዎች ባሉት መለኪያ ይጠቀማሉ። በዚህም መለኪያ የዕጢው ድምቀት ከራሱ ከበሽተኛው ጉበት ድምቀት ጋር ይነጻጸራል። ከጉበት ካልበለጠ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ እንደ ሠራ ይቆጠራል፤ ከበለጠ ግን ሌላ ሕክምና ሊታሰብ ይችላል። እንግዲህ የቀለሙ ድንበር ከጉበት መጠን አጠገብ ቢወድቅ፣ ኢምንት የሆነው ብልጫ ገዝፎ ታይቶ በሽተኛው ለማያስፈልገው ብርቱ መድኃኒት ሊዳረግ ይችላል።

ይህን ስል ቀለም ጨርሶ ይቅር ማለቴ አይደለም። የፔት ውጤት በሲቲ ሥዕል ላይ ሲደረብ፣ ግራጫው የአካሉን ቅርጽ፣ ቀለሙም የስኳሩን መጠን ለይቶ ስለሚያሳይ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ፍርድ መሰጠት ያለበት ከነጭ ወደ ጥቁር ቀስ በቀስ በሚሸጋገረው ሚዛን ነው እላለሁ። ከሕክምና በፊትና በኋላ የተነሡት ሥዕሎችም በአንድ ዓይነት ሚዛን መታየት፣ ሚዛኑም ከነቁጥሩ በሥዕሉ አጠገብ መቀመጥ ይገባዋል። አለዚያ የሚዛኑን ጫፍ ዝቅ በማድረግ ብቻ ያልገዘፈውን ዕጢ የገዘፈ ማስመሰል ይቻላል።

አበው «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። የሥዕል አነጋገሩ ቀለሙ ነው። ስለሆነም እናንተም ካርታ ስታነቡ ወይም ሠንጠረዥ ስትሥሉ፣ ከቀለሙ ውበት አስቀድማችሁ «ይህ ቀለም የምን መጠን ምልክት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከእናንተ መካከል ነገ ሐኪም የሚሆነው ይህን ልማድ ዛሬ ቢጀምር፣ የሚጠቀመው እርሱ ብቻ ሳይሆን በእርሱ ፍርድ ሕይወቱን የሚያሳድረው በሽተኛም ነው።