ቦርጭን ነጥሎ የሚያጠፋ ነገር የለም

«በ10 ቀን ቦርጭ ማጥፊያ»። ይህን ወይም ይህን የመሰለ ማስታወቂያ በቲክቶክ፣ በቴሌግራም ወይም በሱቅ መስኮት ላይ ያላየ የከተማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። አንዱ ሻይ ይሸጣል፤ ሌላው ወገብ ላይ የሚጠመጠም ቀበቶ፤ ሦስተኛው በባዶ ሆድ የሚጠጣ የሎሚና የዝንጅብል ውሃ ያዝዛል፤ አራተኛው ጠዋት ማታ ሲታፕ ሥሩ ይላል። ዕቃው ይለያይ እንጂ ሁሉም የሚሰብኩት አንድ ነገር ነው፦ ቦርጭ ከቀረው ሰውነት ተነጥሎ ሊጠፋ ይችላል፤ የጎደለው ትክክለኛው ማጥፊያ ብቻ ነው። ይህ እምነት ስሕተት ነው። ጉዳት የሌለው ስሕተት ቢሆን ዝም ብለን ባለፍነው ነበር። ነገር ግን የሠራተኛውን ኪስ ያራቁታል፣ እውነተኛ በሽታን ይሸፍናል፣ ጥፋቱን በሙሉ ባለ ቦርጩ ላይ ጭኖ ሌላውን ተጠያቂ ሁሉ ነጻ ያወጣል።

ከሲታፑ እንጀምር፤ ከሁሉም ይልቅ ሳይንስ የሚመስለው እሱ ነውና። ሆድ ሲሠራ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ስቡም አብሮ ይነዳል ተብሎ ይታሰባል። ጡንቻ ግን ኃይል ሲፈልግ አጠገቡ ካለው ስብ ቆርሶ አይወስድም። ስብ ከመላው ሰውነት ተፈትቶ ደም ውስጥ ይገባል፤ ደም ደግሞ ለሚሠራው ጡንቻ ያደርሰዋል። ከየትኛው ቦታ ቀድሞ እንደሚፈታ በአብዛኛው የሚወስኑት ዘር፣ ፆታ፣ ዕድሜና ሆርሞን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት 13 ወንዶችን በ27 ቀናት ውስጥ እያንዳንዳቸውን ከ5,000 በላይ ሲታፕ አሠርቶ፣ ከሆዳቸው፣ ከጀርባቸውና ከመቀመጫቸው የስብ ናሙና ወስዷል። የሆዳቸው የስብ ሕዋሳት ከሌላው ቦታ የበለጠ አልቀነሱም። ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1971 የቴኒስ ተጫዋቾች ክንድ ተለክቶም ነበር። ለዓመታት ራኬት የያዘው ክንድ ይወፍራል፤ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ግን ከሌላኛው ክንድ አላነሰም። ሲታፕ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል፤ ለወገብም ይጠቅማል። ጡንቻውን የሸፈነውን ስብ ለይቶ ያነሳል ብሎ ገንዘብ መቀበል ግን ማታለል ነው።

ወደ ሻዩ እንምጣ። በብዙዎቹ የማቅጠኛ ሻዮች ውስጥ ያለው ዋና ቅመም ሰና የሚባለው ቅጠል ነው። ሰና ሆድ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው፤ ለድርቀት ለጥቂት ቀናት ቢወሰድ አገልግሎት አለው። የሚሠራው ግን ትልቁ አንጀት ላይ ሲሆን፣ ሰውነት ከምግቡ የሚፈልገውን ኃይል ወስዶ የጨረሰው ከዚያ በፊት በትንሹ አንጀት ነው። ሚዛን ላይ የሚታየው ቅናሽ እንግዲህ የወጣ ውሃና ዐይነ ምድር ነው። ሲዘወተር ፖታሲየም ያሟጥጣል፤ የፖታሲየም እጥረት ደግሞ የልብ ምት ያዛባል። ከዚህም የከፋ አለ። ሲቡትራሚን የተባለው የማቅጠኛ መድኃኒት ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ እንደሚያጋልጥ ስለተረጋገጠ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሜሪካም ከአውሮፓም ገበያ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር «ተፈጥሯዊ» ተብለው በሚሸጡ ማቅጠኛዎች ውስጥ ይኸው መድኃኒት ተደብቆ ደጋግሞ አግኝቷል። ምን እንዳለበት በግልጽ ያልተጻፈበትን ዱቄት ከማይታወቅ ሻጭ ገዝቶ የሚጠጣ ሰው በልቡ ላይ ቁማር እየተጫወተ ነው።

ቀበቶውም ያው ነው። የሚያወጣው ላብ ነው፤ ላብ ውሃ ነው፤ አንድ ሁለት ብርጭቆ ሲጠጣ ይመለሳል። የሆድ ጡንቻን በኤሌክትሪክ እያንዘፈዘፉ ያለ ድካም ቦርጭ ያጠፋሉ ተብለው በቴሌቪዥን ይሸጡ በነበሩ ሦስት ቀበቶዎች ላይ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2002 በሐሰተኛ ማስታወቂያ ክስ መሥርቷል። እዚያ ፍርድ ቤት ያደረሰ ዓይነት ቃል እዚህ ከልካይ ሳይኖረው በየቀኑ ይነገራል።

ቦርጭን ነጥሎ ማውጣት በራሱ ጤና የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ የሐኪም ቢላ ይበቃ ነበር። ይህም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2004 «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን» ላይ በታተመ ጥናት ከልክ ያለፈ ውፍረት ከነበራቸው 15 ሴቶች ከሆድ ቆዳ ሥር 10 ኪሎ ገደማ ስብ ተመጥጦ ወጣ። ከሳምንታት በኋላ ሲመረመሩ የደም ግፊታቸው፣ የደም ስኳራቸውና የኮሌስትሮል መጠናቸው አልተሻሻለም። ሆዳቸው አነሰ፤ ደማቸው ግን እንደነበረ ተገኘ። አደገኛው ስብ ከቆዳ ሥር በእጅ የሚጨበጠው ሳይሆን በጉበትና በአንጀት ዙሪያ በጥልቀት የተከማቸው ነው። እሱን ሻይም፣ ቀበቶም፣ መምጠጫም አይደርስበትም። የሚደርስበት የመላው ሰውነት የኃይል ገቢና ወጪ ሲለወጥ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ቶሎ ከሚቀንሱት ስቦች አንዱ እሱ ነው። በመደበኛነት የሚንቀሳቀስ ሰው ኪሎው ብዙም ሳይወርድ እንኳ ይህ የውስጥ ስብ ሊቀንስለት ይችላል። ሚዛን ወይም መስታወት ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ድል አያየውም፤ «አልሠራልኝም» ብሎ ይተወዋል።

የዚህ ንግድ ትልቁ ጉዳት ግን ያበጠ ሆድ ሁሉ ስብ ነው ብሎ ማስተማሩ ነው። ከወሊድ በኋላ የእናት የሆድ ጡንቻዎች መሐል ለመሐል ተለያይተው ሊቆዩ ይችላሉ። ያች እናት የሚያስፈልጋት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምርመራና ቀስ በቀስ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ነው፤ ገና ደሟ ሳይመለስ «ቦርጭሽን አጥፊ» ተብላ ሲታፕ ብትጀምር ክፍተቱ ሊብስባት ይችላል። ማዮማ፣ በእንቁላል ማፍሪያ ላይ የበቀለ ዕጢ፣ በጉበት በሽታ ምክንያት ሆድ ውስጥ የተቋጠረ ውሃ፣ እነዚህ ሁሉ ሆድ ይገፋሉ። እጅና እግሩ እየከሳ ሆዱ ብቻ የሚያድግ ሰው፣ ወይም በጥቂት ወራት ሆዷ የጠነከረ ሴት፣ ጊዜያቸውን የሚያጠፉበት ቦታ የሻይ ሱቅ መሆን የለበትም። በሻይ የሚባክነው እያንዳንዱ ወር ሕክምና ያልተጀመረበት ወር ነው።

«ሰው እኮ መነሻ ይፈልጋል፤ የሎሚ ውሃ ማንን ገደለ? በትንሹ ጀምሮ ወደ ትልቁ ይሄዳል» የሚል መልስ እሰማለሁ። ቅንነት ያለው መከራከሪያ ስለሆነ በቁም ነገር ሊመለስ ይገባል። የሎሚ ውሃ አይገድልም፤ በለስላሳ ፈንታ ከተጠጣ እንዲያውም ይጠቅማል። ነገር ግን ማስታወቂያው የሚሸጠው መነሻ አይደለም፤ መድረሻ ነው። አሥር ቀን ብሎ ቃል ገብቶ በአሥራ አንደኛው ቀን የሚከሽፍ ተስፋ ሰውን ወደ ትልቁ ሥራ አያሻግረውም፤ «ለኔ አይሆንም» የሚል ተስፋ መቁረጥ ውስጥ ይጥለዋል። ከዚያ ሌላ ሻይ፣ ሌላ ቀበቶ ይከተላል። ገበያው የሚኖረውም በዚህ ውድቀት መደጋገም ነው።

ታዲያ የሚሠራው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የአሜሪካ የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት ለበሽታው የተቃረቡ 3,234 ሰዎችን ተከታትሏል። አንደኛው ቡድን የተሰጠው ግብ ሁለት ነበር፦ ከክብደታቸው ቢያንስ 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ስድስት ኪሎ እንኳ አይሞላም። በዚህ ቡድን በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድል መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸር በ58 በመቶ ቀነሰ፤ የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን በተሰጣቸው ላይ ቅናሹ 31 በመቶ ነበር። በአሥር ቀን የመጣ ውጤት አይደለም፤ በአማካይ ወደ ሦስት ዓመት የሚጠጋ ክትትል ነው። ይህን የሚያህል ውጤት ያስመዘገበ የቦርጭ ሻይ የለም።

ወደ ማዕዳችን ስንመጣ ደግሞ የተከሰሰው ሌላ፣ ጥፋተኛው ሌላ ሆኖ እናገኘዋለን። «እንጀራ አቁሙ» የሚለው ምክር የተለመደ ሆኗል። የጤፍ እንጀራ ከሽሮ፣ ከምስርና ከጎመን ጋር አሰር ያለው፣ የሚያጠግብ ምግብ ነው፤ የሚያስፈልገው መጠኑን ማወቅ እንጂ ማባረር አይደለም። ሳይቆጠር የሚያልፈው ሌላው ነው። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው በቀን አራት ጊዜ ቢጠጣ 50 ግራም ገደማ ስኳር ወሰደ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ሊታለፍ አይገባም የሚለው መጠን እዚህ ላይ ነው፤ ግማሹ ቢሆን ደግሞ ይሻላል ይላል። አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 30 ግራም ገደማ ይጨምራል። አንድ ጠርሙስ ቢራ ከ130 እስከ 150 ካሎሪ አለው፤ አራት ጠርሙስ ከአንድ ሙሉ ምሳ ጋር ይቀራረባል፤ ቢራው ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ጥብስ ይከተለዋል። በጾም ወቅትም እንዲሁ ነው። ሥጋና ቅቤ ቀርቶ ሳምቡሳ፣ ዳቦና በዘይት የተንቆጠቆጠ ፓስታ ከተተካ፣ ዘይቱም ግማሽ ያህሉ ጠጣር ስብ የሆነው የሚረጋው የፓልም ዘይት ከሆነ፣ ጾሙ ለነፍስ የሚሰጠውን ቢሰጥም ለወገብ የሚያደርገው ነገር የለም።

እንቅልፍን ማንም አይሸጠውም፤ ስለዚህ ማንም አያስተዋውቀውም። እ.ኤ.አ. በ2022 የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት 12 ጤነኛ ሰዎች ለሁለት ሳምንት በሌሊት አራት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ተደረገ። ዘጠኝ ሰዓት መተኛት በተፈቀደላቸው ጊዜ ከሚበሉት በቀን 300 ካሎሪ ገደማ ጨምረው በሉ፤ የሆዳቸው የውስጥ ስብም በ11 በመቶ ያህል ጨመረ። ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ በሌሊት ተነስቶ የታክሲ ሰልፍ የሚይዝ ሰው ቦርጭ ሲያወጣ «ሰነፍ» መባሉ ፍርደ ገምድልነት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ስንፍና ነው የሚለውን ክስ ለማፍረስ የራሳችን ሰዎች ታሪክ ይበቃል። በዘመቻ ሙሴ ጊዜ ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ከገጠር ኢትዮጵያ ቀጭን ሆነው ነው የሄዱት። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ ጥናት ከጥቂት ዓመታት በኋላ በወጣት ጎልማሶቻቸው ላይ ከፍተኛ የስኳር በሽታ ስርጭት አገኘ። የኋላ ጥናቶችም በዚህ ማኅበረሰብ በሽታው ከሌላው እስራኤላዊ ባነሰ ክብደት እንደሚመጣ አሳይተዋል። እነዚህ ሰዎች በአንድ ሌሊት ሰነፍ አልሆኑም። የተለወጠው የሚበላው፣ የሚኬድበትና የሚዋልበት ነው። ዛሬ የኛ ከተሞች ያንኑ ለውጥ ሳይሰደዱ እያመጡት ነው። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው ሴቶች ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 3 በመቶ በ2016 ወደ 8 በመቶ አድጓል፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ ከገጠሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቁጥሩ ለሌላ አገር ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ በአገራችን ግን ከቅጥነት ችግር ጋር ጎን ለጎን እየሄደ ነው፤ ለሁለቱም የሚሆን የጤና በጀት ደግሞ የለንም።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ ባለ ቦርጩ ብቻ ሊወረወር አይገባም። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ጎዳናዎችን ለእግረኛ ሲከፍት ሕዝቡ ልጁን ይዞ እንደሚወጣ ታይቷል፤ ቦታ ሲያገኝ የሚንቀሳቀስ ሕዝብ ነው ማለት ነው። ሰፊ የእግረኛ መንገድ ኮሪደር ልማት ከደረሰባቸው ጎዳናዎች አልፎ ወደ ሰፈር ውስጥ መግባት አለበት። የሰፈር ሜዳ ለሕንፃ ሲሰጥ የልጆች ጤና አብሮ እንደተሸጠ መቆጠር አለበት። አሳሳች ማስታወቂያ በ2004 ዓ.ም. በወጣው የማስታወቂያ አዋጅ የተከለከለ ነው፤ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ከመደብሩ አልፎ ቴሌግራሙን ሊያይ ይገባል። የጤና ፕሮግራም አዘጋጆች የማቅጠኛ ማስታወቂያ ብር ተቀብለው ስለ ጤና ማስተማር አይችሉም፤ ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ። የጂም አሠልጣኞችም ለሚከፍላቸው ሰው እውነቱን ይንገሩት።

ለእያንዳንዳችን የሚሆነው መለኪያ ሜትር ብቻ ይፈልጋል። ወገባችን ከቁመታችን ግማሽ ከበለጠ፣ ወይም ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ፣ የምንሄደው ወደ ጤና ጣቢያ ነው፤ ግፊታችንንና ስኳራችንን እንለካ። ከዚያ ስኳሩን፣ ቢራውንና ዘይቱን እንቀንስ፣ እንራመድ፣ እንተኛ፤ ለወራት፣ ከዚያም ለዓመታት። «በስንት ቀን ይጠፋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሁልጊዜ የሚዋሸው ነጋዴ ያገኛል። ይህን ጥያቄ መጠየቅ ያቆምን ዕለት ሻጩ የሚሸጠው ያጣል፤ እኛም ገንዘባችንንና ጊዜያችንን ለእውነተኛው ሥራ እናውላለን።