ኬሚስትሪ ወደ ሠራተኛው ይውረድ

በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከተመለሰ ወዲህ፣ ነገ በመቀሌ የዓይደር ሆስፒታል የሚያገለግለው የሕክምና ተማሪ ጠቅላላ ኬሚስትሪን ሳይማር አያልፍም። ይሁን እንጂ «ሞል» የተባለውን መለኪያ ለፈተና ሸምድዶ በማግሥቱ የሚረሳው ከሆነ ሰፊው ሕዝብ ምን ይጠቀማል?

በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ውሃ በ1 ሊትር 9 ግራም ጨው፣ ማለትም 0.154 ሞል ያህል ይይዛል። እጅግ ቢቀጥን የደም ሕዋሳት ውሃ ስበው ይፈነዳሉ፤ እጅግ ቢበረታ ይጨማደዳሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነት መድኃኒትና ቁሳቁስ ያጣው ዓይደር የዚህን ተራ ነገር ዋጋ በሚገባ ያውቀዋል።

የጽዳት ሠራተኛዋስ? 5 በመቶ የሆነውን በረኪና 1 እጅ ከ9 እጅ ውሃ ጋር ስታዋህድ 0.5 በመቶ የሆነ ፀረ ተሕዋስያን ታዘጋጃለች፤ ይህ ራሱ ኬሚስትሪ ነው። ከአሲድ ጋር ብትቀላቅለው ግን መርዛማው የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ይህን ማን አስተማራት? ብዙውን ጊዜ የገዛ ሳሏ!

ስለዚህ ተማሪዎች በክረምት ወደ ሠፈር ማኅበራትና ወደ ሥራ ቦታዎች ወርደው ይህን አንድ ምዕራፍ በሠራተኛው ቋንቋ፣ በትግርኛ ያስረዱ። ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ባልዲና ባለምልክት ጆግ ይበቃል።