ቆሻሻችንን ለሚሸከም ሰው ያለብን ዕዳ

እኔ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። ጡረታ ወጥቼ በአዋሽ ሰባት ኪሎ ከተቀመጥሁ ጀምሮ መርፌዬን የምወጋው በገዛ እጄ ነው፤ ያገለገለውንም መርፌ ከሽንኵርት ልጣጭ ጋር በፌስታል አስሬ በደጄ አኖር ነበር። አንድ ቀን ጧት ቆሻሻ አንሺው ወጣት ፌስታሉን ሲያነሣ እጁን ድንገት ሳበ፤ ከአውራ ጣቱም ደም ወረደ። «ግድ የለም ጋሼ፥ ለምደነዋል» አለኝ።

እጁን በውሃና በሳሙና አሳጥቤ ያኑኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይዤው ሄድሁ። የእኔ ደም ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን ወጣቱን «የጉበት ክትባት ወስደሃልን?» ብለው ቢጠይቁት፥ እንዲህ ያለ ክትባት መኖሩን ከቶ አልሰማም ነበር።

ወጣቶች ሆይ! በአገራችን የወፍ በሽታ የሚባለውን፥ ዐይንን ቢጫ የሚያደርገውን ሕመም፥ ብዙ ሰው ከሌሊት ወፍ የመጣ ይመስለዋል። ከእውነተኞቹ ምክንያቶች አንዱ ግን ሄፓታይተስ ቢ የተባለው ቫይረስ ነው፤ ይኸውም በደም ይተላለፋል፥ በደረቀ ደምም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ይቈያል። ሕመሙ ባለበት ሰው መርፌ ከተወጉ 100 ያልተከተቡ ሰዎች ከ6 እስከ 30 የሚሆኑት ሊያዙ ይችላሉ፤ በኤች.አይ.ቪ. ግን የሚያዙት ከ1000 ሰዎች 3 ያህል ናቸው። በጕልምስና የተያዙት አብዛኞቹ ይድናሉ፤ በአንዳንዶቹ ግን ሳይታወቅ ለዓመታት ተቀምጦ ጉበትን ያደርቃል፥ ካንሰርም ያመጣል።

መከላከያው ከተገኘ ቈይቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1965 ብሉምበርግ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ የዚህን ሕመም ምልክት በደም ውስጥ አገኙ፤ በ1981 የመጀመሪያው ክትባት ተፈቀደ። በአገራችንም ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት ይሰጣል። ከዚያ በፊት የተወለደው ጠራጊ ግን ይህ ዕድል አልደረሰውም። ለእርሱ የሚያስፈልገው ደሙ መመርመሩና በ6 ወር ውስጥ 3 ጊዜ መከተቡ ነው።

«ጓንት ይበቃል» የሚሉ አሉ። ቀጭን ጓንት መርፌን አያቆምም። ልጄን ልጠይቅ ወደ ሰመራ በሄድሁ ጊዜ፥ በዚያ በሚያቃጥል ሙቀት ጠራጊዎቹ በላብ የራሰውን ጓንት አውልቀው በባዶ እጃቸው ሲለቅሙ አይቻለሁ። «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚሉም አሉ። ጉበቱ ለታመመ ሰው ዕድሜ ልክ መድኃኒት ከመግዛትና ሦስት ክትባት ከመስጠት የትኛው ይረክሳል? «ይህ የማኅበራቸው ጕዳይ ነው» የሚሉም አሉ። እንግዲያስ ቆሻሻው የማኅበራቸው ነበርን?

የነገሩ ሥር ንቀት ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያሳደጉኝ መምህራን ሥራ ኹሉ ክቡር ነው ብለው መጥረጊያ አስይዘውኝ ነበር። እኔ ግን መምህር በሆንሁ ጊዜ ሰነፉን ተማሪ «ካላጠናህ ጠራጊ ትሆናለህ» እያልሁ አስፈራራሁ። የተማርሁትን ረስቼ ንቀትን አስተማርሁ። የናቅነውንም ሰው ሕመሙን ማን ይጠይቃል?

ስለዚህ እላለሁ፤ ክትባቱን ሳያስጀምሩ ለማንም ሰው መጥረጊያ ማስያዝ ነውር ነው። ነገ በማዘጋጃ ቤት ወንበር የምትቀመጡ ይህን አትርሱ። ነርስ የምትሆኑም መርፌውን በሣጥኑ እንጂ በቅርጫት አትጣሉ። በቤታችሁም መርፌና ምላጭ ክዳን ባለው ወፍራም የበረኪና ዕቃ አጠራቅማችሁ ለጤና ጣቢያ አስረክቡ።

ያ ወጣት ሦስተኛውን ክትባት ባለፈው ወር ፈጸመ። የከፈልሁት እኔ ነኝ፤ ይህ ምጽዋት አይደለም፥ ዕዳ ነው። አብረውት ጋሪ የሚገፉት ባልንጀሮቹ ግን ዛሬም አልተከተቡም።

የአዋሽ ወንዝ ከደጋ ተነሥቶ ቈላውን ያጠጣል እንጂ ከባሕር አይደርስም፤ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ተሸክሞት የወረደው ኹሉ ከዚሁ ምድር ይቀራል። ከደጃችን አርቀን የጣልነው መርፌም እንዲሁ ነው፤ አንድ የሰው ልጅ እጅ ሳያገኝ አይቀርም።