ማሊያው የማን ነው?

ባህር ዳር ላይ ጨዋታ ሲኖር፣ በስታዲየሙ በር የ"ጣና ሞገዶቹን" ማሊያ በክንዱ ደርድሮ የሚሸጠው ልጅ "ሕገወጥ" ይባላል። በወረቀት ከተሄደ ስሙ አይበዛበትም። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 በምልክቱ ላይ ያለን መብት ሆን ብሎ የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ይደነግጋል። ለአንድ ማሊያ!

ግን አዋጁ የሚጠብቀው የተመዘገበን ምልክት ነው። ምዝገባውም የሚጸናው 7 ዓመት ነው፤ ካልታደሰ ያበቃል። ስለዚህ ልጁ ላይ ጣት ከመቀሰሩ በፊት ክለቡ ይጠየቅ። አርማው በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በማን ስም ተመዝግቧል? ምዝገባው ልብስን ይጨምራል? ደጋፊውስ ትክክለኛውን ማሊያ ከየትኛው ሱቅ፣ በስንት ብር ያገኛል? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ የሌለው ክለብ "ተዘረፍኩ" ቢል ማን ይሰማዋል?

እግር ኳሳችን መብት መሸጥ አያውቅም አይባልም። በ2013 ሊጉ የቀጥታ ስርጭቱን ለሱፐርስፖርት ሸጧል። የገዛ ስሙን ሳይቀር ሸጦ "ቤትኪንግ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ" ተብሏል። የናይጄሪያ አወራራጅ ድርጅት የሊጉ ስም ዋጋ እንዳለው ገብቶታል። አገሪቱም ብትሆን የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋጨፌ ቡና ስም ገንዘብ መሆኑን ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ በ1999 አስፈርማለች። በ2015 ሊጉን ሁለተኛ ሆኖ የጨረሰ ክለብ ስም ታዲያ ከዚህ በምን ያንሳል?

"ደጋፊው አቅም የለውም" የሚሉ አሉ። አቅም ከሌለው በሩ ላይ የሚገዛው ማን ነው? ገንዘቡ እየወጣ ነው፤ ክለቡ ጋ አይደርስም እንጂ። ክለቡ ግን እንደ አብዛኞቹ የአገራችን ክለቦች የመንግሥትን በጀት ደጅ ይጠናል፤ ማለትም ማሊያ የማይገዛው ግብር ከፋይም ጭምር ይከፍላል።

ልጁን ከማሳደድ ፈቃድ መስጠት ይሻላል። መለያ ያለው ማሊያ ከክለቡ ይረከብ፣ ትርፉን ይካፈል። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያላት፣ ዩኒቨርሲቲዋ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት ያለው ከተማ ማሊያ የሚያሰፋ አጣች ቢባል ሐይቁም ይስቃል።

ፖሊስ የሚወርሰው ማሊያ ለክለቡ ካዝና አንድ ብር አይጨምርም። ቀጣዩ የውድድር ዓመት ሳይጀመር ክለቡ ሁለት ነገር ለደጋፊው በይፋ ይንገር፦ የአርማውን የምዝገባ ቁጥርና የማሊያውን መሸጫ ቦታ።