ሕግ የማያውቅ ሕግ አስከባሪ

“በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች” ይላል ያገሬ ሰው። ይህ ተረት ትዝ ያለኝ ቦንጋ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ቆሜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሞተር ሳይክል ሰው እያመላለሰ እናቱን የሚጦር የጎረቤቴ ልጅ፣ በጠፋ ስልክ ተጠርጥሮ ዓርብ በ11 ሰዓት ተያዘ። ሰኞ በ9 ሰዓት “በል ሂድ” ተብሎ ተለቀቀ። ቁጠሩት፤ 70 ሰዓት! ዳኛ የሚባል አላየም። ፍርድ ቤቱ ደግሞ ከጣቢያው በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። እሁድ ማምሻውን እናቱን አስከትዬ ሄጄ “48 ሰዓቱ ሞላ’ኮ” ብለው ተረኛው ፖሊስ ምን አለኝ? “ጋሼ፣ ቅዳሜና እሁድ አይቆጠርም!”

ልጁ እየዋሸኝ አልነበረም። ከልቡ የሚያምነውን ነው የነገረኝ። ያስደነገጠኝም ይኸው ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ከዚህ ውጭ የሚታሰበው ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በአግባቡ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ዴቻ ቆላ ላይ ለተያዘ ሰው ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ቦንጋ መሐል ለተያዘ ግን ምን ጉዞ አለ? ስለ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አንድም ቃል የለም። ይኸው አንቀጽ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ይነገረው ይላል። ካፊኖኖ ብቻ ለሚያውቅ ገበሬ በአማርኛ አንብበው “ፈርም” ቢሉት ምኑን ሰማው?

አሁን ደግሞ ጉዱን ስሙ። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ መከላከያ አይሆንም ይላል። ማር ሊሸጥ ገበያ የወጣው ገበሬ “አላወቅሁም” ቢል ሰሚ የለውም። አንቀጽ 74 ደግሞ በአለቃው ትእዛዝ ወንጀል የፈጸመ የበታች የሚቀጣው የትእዛዙን ሕገ ወጥነት እያወቀ ከሆነ ነው ይላል። እንግዲህ ገበሬው አለማወቁ አያድነውም፤ ፖሊሱን ግን አለማወቁ ሊያድነው ነው! ታዲያ “እሰር” ባይ አለቃ ፖሊሱን ሕግ ለማስተማር ምን ያስቸኩለዋል?

“ዲግሪ ያለውስ ሲገርፍ አላየንም ወይ?” የሚለኝ አይጠፋም። አይተናል። ማወቅ ብቻውን ጨዋ አያደርግም። ነገር ግን ያወቀ “አላወቅሁም” ብሎ ማምለጫ የለውም። ሕገ ወጥ እስራት በአንቀጽ 423 እንደሚያስጠይቅ የተማረ ፖሊስ፣ አንድ ሹም በስልክ “እሰርልኝ” ሲለው “በእኔ ላይ ነው የሚመጣው” ብሎ እምቢ የሚልበት ምክንያት አለው።

ፖሊስ ሁሉ ጠበቃ ይሁን አላልኩም። ተራው ፖሊስ ግን መያዝን፣ ብርበራን፣ ቃል መቀበልንና ዋስትናን ጠንቅቆ ሳያውቅ ካቴና አይያዝ። እነዚህ ሁሉ ከ1954 ጀምሮ በሥነ ሥርዓት ሕጉ የተጻፉ ናቸው፤ አዲስ ነገር የለባቸውም። መርማሪ ደግሞ ከዚህ በላይ ስለ ማስረጃ ሕግ በወጉ ይማር። የጣቢያ አዛዥ ሳይፈተን አይሾም።

የደቡብ ምዕራብ ክልል በ2014 ሲቋቋም የራሱን ፖሊስ የማደራጀት ዕድል አግኝቷል። ዩኒቨርሲቲም እዚያው ቦንጋ አለ። ሌላው ቢቀር ባለሥልጣናቱ ጣቢያ በር ላይ በአማርኛና በካፊኖኖ “ቅዳሜና እሁድም ይቆጠራል” ብለው ቢለጥፉ ምን ያከስራቸዋል?

ድሮ መንገደኛ እንኳ “በሕግ አምላክ!” ሲሉት ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ዛሬ ለፖሊሱ “በሕግ አምላክ” ብለው “የትኛው ሕግ?” ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ልመልስ?